የዱባ ፍሬ፦ ከኮሶ መድኃኒትነት ወደ ፕሮስቴት መድኃኒትነት

መግቢያ

በዕድሜ የገፉ ወንዶች በሽንት ችግር ምክንያት ወደ ጤና ተቋም ከመምጣታቸው በፊት ብዙውን ጊዜ በቤታቸው አንድ ነገር ሞክረው ይመጣሉ። ከሚሞከሩት ነገሮች አንዱ የዱባ ፍሬ ነው። አንዳንዱ ፍሬውን ቆልቶ ይበላል፤ ሌላው ወቅጦ በውኃ በጥብጦ ይጠጣል፤ ውጭ አገር ዘመድ ያለው ደግሞ ዘይቱን በእንክብል መልክ ያስልካል። ታማሚው ይህን ለሐኪሙ ሳይናገር፣ ሐኪሙም ሳይጠይቅ ወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ዓመታት ያልፋሉ።

የዱባ ፍሬ ለፕሮስቴት ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚለው ጥያቄ በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም። ይህ ፍሬ በታሪኩ ውስጥ ፈጽሞ ለተለያዩ ሁለት ሕመሞች በመድኃኒትነት ተመዝግቧል፤ በየዘመኑ የቀረበለት ጥያቄም የተለያየ ነበር። በመጀመሪያ «ትሉን ያስወጣል ወይ?» ተብሎ ተጠየቀ። ቀጥሎ «ሕመምተኛው ቀለለኝ ይላል ወይ?» ተባለ። በመጨረሻም «ከባዶ እንክብል ይበልጣል ወይ?» የሚለው ተነሣ። የሦስቱ ጥያቄዎች መልስ አንድ አይደለም። ይህን ታሪክ የሚያውቅ የጤና ባለሙያ ለሕመምተኛው የሚሰጠው ምክር ከማሞገስም ከመናቅም የራቀ፣ የተመጠነ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዱባና ቅል

«ዱባና ቅል፣ አበቃቀሉ ለየቅል» የሚለው ተረት በዕፅዋት ታሪክም ረገድ እውነት ሆኖ ይገኛል። እንደ ዲዮስኮሪደስ ያሉ የጥንት ግሪክ ጸሐፊዎች በመድኃኒት መጻሕፍታቸው የጠቀሱት ቅልንና የኪያር ወገኖችን እንጂ ዛሬ ዱባ የሚባለውን ተክል አይደለም። ቅል ከጥንት ጀምሮ በአፍሪካና በእስያ ይታወቅ ነበር፤ ዱባ ግን የአሜሪካ አህጉር ተክል ነው። በሜክሲኮ፣ ዋሃካ በተባለው ግዛት በሚገኘው የጊላ ናኪትዝ ዋሻ የተገኙ የዱባ ፍሬዎች በ1997 በብሩስ ስሚዝ በታተመው ጥናት ወደ 10,000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ እንዳላቸው ተረጋግጧል። ተክሉ ውቅያኖስ ተሻግሮ ወደ አውሮፓ፣ ወደ እስያና ወደ አፍሪካ የተዛመተው ከ1492 በኋላ ሲሆን በ1542 ጀርመናዊው ሐኪም ሊዮንሃርት ፉክስ ባሳተሙት የዕፅዋት መጽሐፍ ሥዕሉ ይታያል።

ከዚህ የተነሣ የዱባ ፍሬ በጥንታዊያን የግሪክና የሮም ሐኪሞች ለሽንት ችግር ይታዘዝ ነበር የሚል ጽሑፍ ሲያጋጥም ስሞቹ ተቀላቅለው እንደሆነ መጠርጠር ይገባል። የስም መቀላቀሉ በአውሮፓ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። «ዱባ» ከሚለው የአማርኛ ስም ጋር የሚመሳሰለው የዐረብኛ ቃልም በጥንቱ ዘመን የሚያመለክተው ቅልን ነበር። አዲሱ ተክል በየደረሰበት አገር የቀድሞውን ተክል ስም ወርሷል፤ ከስሙም ጋር የቀድሞውን ተክል ዝና ሳይወርስ አልቀረም።

በዓይን የሚታይ ውጤት

የዱባ ፍሬ በዘመናዊ የመድኃኒት መዝገብ ውስጥ ቦታ ያገኘው በመጀመሪያ በፕሮስቴት ምክንያት አልነበረም፤ በኮሶ ትል ምክንያት ነው። ከ1863 እስከ 1936 ድረስ በአሜሪካ ፋርማኮፒያ ውስጥ በትል ማስወጫነት ተመዝግቦ ቆይቷል። አሠራሩ ቀላል ነበር። ፍሬው ተልጦ ይወቀጣል፤ ታማሚው ባዶ ሆዱን ይወስደዋል፤ ከዚያም የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይጨመርለታል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የቻይና ተመራማሪዎች ከፍሬው ኩከርቢቲን የተባለ አሚኖ አሲድ ለይተው አውጥተዋል። ይህ ውህድ ትሉን በማደንዘዝ ከአንጀት ግድግዳ ላይ እንዲላቀቅ እንደሚያደርግ ይታመናል።

ይህ ለኢትዮጵያ የጤና ባለሙያ እንግዳ ነገር አይደለም። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር የኮሶ ትል የዘወትር ችግር ስለነበር ሕዝቡ ኮሶን፣ እንቆቆን፣ መተሬንና ሌሎችንም ዕፅዋት ለይቶ ያውቅ ነበር። በ1769 ወደ ኢትዮጵያ የገቡት ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተሙት የጉዞ መጽሐፍ ስለ ኮሶ ዛፍ ጽፈዋል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመንም የኮሶ አበባ ወደ አውሮፓ ፋርማኮፒያዎች ገብቷል። የዱባ ፍሬም ከእነዚሁ የአገር ውስጥ የኮሶ መድኃኒቶች ጎን ይቆጠር ነበር። ኮሶ መራራ፣ ሆድ የሚያውክና በብዛት ሲወሰድ የሚያሰጋ ሲሆን፣ የዱባ ፍሬ ግን ከምግብነት የማይለይ ለስላሳ መድኃኒት ነበር።

በዚህ የታሪክ ምዕራፍ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። የኮሶ መድኃኒት ውጤቱ በዓይን ይታያል፤ ትሉ ይወጣል ወይም አይወጣም። መድኃኒቱን የሰጠውም የወሰደውም ሰው ስለ ውጤቱ ለመመስከር የተለየ የምርምር ዘዴ አያስፈልገውም። ባህላዊ ሕክምና እንዲህ ባለው ሕመም ላይ የደረሰበት ዕውቀት በአመዛኙ አስተማማኝ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ፍሬው ወደ ሁለተኛው ሕመም፣ ማለትም ወደ ፕሮስቴት፣ በተሸጋገረ ጊዜ ግን ይህ ዓይነቱ ግልጽ ምስክርነት አብሮት አልተሻገረም።

ከዘይት መጭመቂያ ወደ ፕሮስቴት

ሁለተኛው ምዕራፍ የሚጀምረው በደቡብ ምሥራቅ ኦስትሪያ በምትገኘው በስቲሪያ ነው። በዚያ አካባቢ ከዱባ ፍሬ ዘይት መጭመቅ የቆየ ሙያ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በዚያው አካባቢ በተፈጠረ የዘር ለውጥ ጠንካራው የፍሬ ቅርፊት የጠፋበት፣ በስስ ሽፋን ብቻ የተሸፈነ አረንጓዴ ፍሬ የሚያፈራ የዱባ ዓይነት ተገኘ። ይህ ለዘይት ጨማቂው ትልቅ በረከት ነበር፤ መላጥ የሚባለው ድካም ቀረለት። ለተራው ሰውም ፍሬውን በእፍኝ ዘግኖ መብላት ቀላል ሆነለት። የስቲሪያ የዱባ ፍሬ ዘይት በ1996 በአውሮፓ ኅብረት የአካባቢው መለያ ምርት ሆኖ ጥበቃ አግኝቷል።

በመካከለኛውና በምሥራቅ አውሮፓ የዱባ ፍሬን አዘውትረው የሚበሉ ወንዶች በስተርጅና የሽንት ችግር አይበዛባቸውም የሚል እምነት በሕዝቡ ዘንድ ሥር ሰደደ። ይህ እምነት ከሕዝብ አፍ ወደ ሐኪሞች መዝገብ የተሸጋገረው በጀርመን ነው። ጀርመን በ1976 አዲስ የመድኃኒት ሕግ ካወጣች በኋላ በ1978 የዕፅዋት መድኃኒቶችን የሚመረምር «ኮሚሽን ኢ» የተባለ የባለሙያዎች ጉባኤ ተቋቋመ። ጉባኤው በ1985 የዱባ ፍሬን ለተቆጣ የሽንት ፊኛ፣ እንዲሁም በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ ላይ ለሚገኝ ካንሰር ያልሆነ የፕሮስቴት ዕጢ ዕድገት ምልክቶች እንዲውል ፈቀደ። መጠኑም በቀን 10 ግራም ፍሬ ነበር።

የፈቃዱን ወሰን ማስተዋል ያስፈልጋል። ደረጃዎቹ በጀርመናዊው የሽንት አካላት ሐኪም በአልከን አከፋፈል የተቀመጡ ናቸው። በአንደኛው ደረጃ ታማሚው ቶሎ ቶሎ ይሸናል፣ ሌሊት ይነሣል፣ የሽንቱ ፍሰት ይደክማል፤ ነገር ግን ፊኛው ባዶ ይሆናል። በሁለተኛው ከተሸና በኋላ በፊኛው ውስጥ የሚቀር ሽንት አለ። በሦስተኛው ፊኛው አቅሙን ያጣል፣ ሽንት ይዘጋል ወይም እየሞላ ይንጠባጠባል፣ ግፊቱም ኩላሊትን መጉዳት ይጀምራል። ኮሚሽኑ ሦስተኛውን ደረጃ አልነካም። ከዚህም በላይ ፍሬው ምልክቶቹን ከማቅለል በስተቀር የዕጢውን ትልቀት እንደማይቀንስና ታማሚው በየጊዜው ሐኪም ማየት እንዳለበት በግልጽ አስፍሯል። ፈቃዱ በዓለም ዙሪያ ሲጠቀስ ይህ ማስጠንቀቂያ ብዙ ጊዜ ከኋላ ቀርቷል።

የዱባ ፍሬ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ተቀባይነት ያገኘው ለምን ነበር? ምክንያቱ በከፊል የሕክምናው አማራጭ ጠባብ መሆኑ ነው። ፒተር ፍሬየር በሆድ በኩል ፊኛን ከፍቶ ያደገውን ዕጢ የማውጣት ቀዶ ሕክምናቸውን በለንደን ይፋ ያደረጉት በ1901 ሲሆን፣ ቴሬንስ ሚሊን ፊኛውን ሳይከፍቱ የሚሠራበትን ዘዴ በ1945 አቀረቡ። በሽንት ቧንቧ በኩል በመሣሪያ የሚደረገውም ቀዶ ሕክምና ቀስ በቀስ ተስፋፋ። በመድኃኒት በኩል ግን እስከ 1970ዎቹ ድረስ የረባ ነገር አልነበረም። በዚያ ዐሥር ዓመት ማርኮ ኬይን በኢየሩሳሌም ፌኖክሲቤንዛሚንን ሞክረው የፕሮስቴትንና የፊኛ አንገትን ጡንቻ ማላላት እንደሚቻል አሳዩ። ፊናስቴራይድ በአሜሪካ ለዚህ ሕመም የተፈቀደው በ1992፣ ቴራዞሲን ደግሞ በ1993 ነው። ስለዚህ በ1985 ቀላል ምልክት ያለው ሰው ፊት የነበረው ምርጫ በአብዛኛው ወይ መታገሥ ወይ ወደ ቢላዋ መሄድ ነበር። በሁለቱ መካከል የነበረውን ባዶ ቦታ ዕፅዋት ሞሉት።

በሳይንስም ረገድ ተስፋ የሚሰጥ መላምት ነበር። በ1974 ጁሊያን ኢምፔራቶ-ማክጊንሊና ባልደረቦቻቸው በዶሚኒካን ሪፐብሊክ 5-አልፋ ሪዳክቴዝ የተባለው ኢንዛይም የጎደላቸውን ቤተሰቦች አጥንተው ለፕሮስቴት ዕድገት ዳይሃይድሮቴስቶስቴሮን ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ አመለከቱ። ፊናስቴራይድ የዚህ ግኝት ፍሬ ነው። በዱባ ፍሬ ውስጥ በብዛት የሚገኙት ዴልታ-7 ስቴሮሎችም ዳይሃይድሮቴስቶስቴሮን በዕጢው ላይ እንዳይሠራ ያግዳሉ የሚል ሐሳብ በ1980ዎቹ ቀረበ። ፍሬው ዚንክ ስላለውና በፕሮስቴት ዕጢም ውስጥ ዚንክ በብዛት ስለሚገኝ «ለዕጢው የጎደለውን ይሞላል» የሚል አስተሳሰብም ተስፋፋ። ይሁን እንጂ አንድ ንጥረ ነገር በአንድ አካል ውስጥ መብዛቱ ያንኑ ንጥረ ነገር መብላት የአካሉን ሕመም እንደሚያድን አያረጋግጥም። መላምት የጥናት መነሻ እንጂ የጥናት ውጤት አይደለም።

ከባዶ እንክብል ጋር ሲነጻጸር

የፕሮስቴት ዕጢ ዕድገት ምልክቶች እንደ ኮሶ ትል በዓይን አይታዩም። አንድ ሰው በዚህ ወር ሌሊት አራት ጊዜ ይነሣል፤ በሚቀጥለው ወር ያለ ምንም መድኃኒት ሁለት ጊዜ ብቻ ይነሣ ይሆናል። ሰው መድኃኒት የሚጀምረው ደግሞ ችግሩ በባሰበት ሰሞን ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው መሻል በተፈጥሮ የመጣ ቢሆንም ለመድኃኒቱ ይቆጠራል። ይህን ለመለየት የተስማሙበት መለኪያ አስፈለገ። በ1992 ማይክል ባሪና ባልደረቦቻቸው ሰባት ጥያቄዎች ያሉትና ከ0 እስከ 35 ነጥብ የሚሰጥ የምልክቶች መመዘኛ አሳተሙ፤ ይኸው መመዘኛ ስለ ኑሮ እርካታ የሚጠይቅ አንድ ጥያቄ ተጨምሮበት ዓለም አቀፍ ሆኗል።

መጀመሪያ የተደረጉት ጥናቶች አነስተኛ ነበሩ። በ1990 የታተመው የካርቢንና የባልደረቦቹ የስዊድን ጥናት 53 ታማሚዎችን ለሦስት ወራት የተከታተለ ሲሆን፣ የተሰጠው መድኃኒት የዱባ ፍሬንና ሶው ፓልሜቶ የተባለውን ተክል አጣምሮ የያዘ ነበር። ውጤቱ መልካም ቢሆንም የትኛው ተክል እንደሠራ መለየት አይቻልም። በ2000 በጀርመን ባኽ ያሳተሙት ጥናት ሰፋ ያለ ነው። 476 ታማሚዎች ለ12 ወራት የዱባ ፍሬ ንጥር ወይም ፕላሴቦ ወሰዱ። ንጥሩን ከወሰዱት 65 በመቶ፣ ፕላሴቦውን ከወሰዱት 54 በመቶ የሚሆኑት ምልክታቸው ቢያንስ በ5 ነጥብ ቀነሰ። በሽንት ፍሰት፣ በፊኛ ውስጥ በሚቀረው ሽንትና በዕጢው መጠን ግን በሁለቱ መካከል የጎላ ልዩነት አልታየም።

ከሁሉም ሰፊ የሆነው «ግራኑ» የተባለው የጀርመን ጥናት በ2015 ታተመ። ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 80 ዓመት የሆኑ 1,431 ወንዶች በሦስት ተመድበው አንደኛው ክፍል በቀን ሁለት ጊዜ 5 ግራም ፍሬ፣ ሁለተኛው የፍሬውን ንጥር በእንክብል፣ ሦስተኛው ፕላሴቦ ለ12 ወራት ወሰደ። በንጥሩና በፕላሴቦው መካከል ልዩነት አልተገኘም። ፍሬውን ከበሉት 58.5 በመቶ፣ ፕላሴቦ ከወሰዱት ደግሞ 47.3 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ የ5 ነጥብ መሻሻል አሳዩ። ነገር ግን ጥናቱ አስቀድሞ ባወጣው ደንብ መሠረት መጀመሪያ የሚፈተነው ንጥሩ ነበር፤ እርሱ ፈተናውን ስላላለፈ ስለ ፍሬው የተገኘው ልዩነት ገላጭ እንጂ አረጋጋጭ ተደርጎ ሊወሰድ አልቻለም።

ከእነዚህ ቁጥሮች ሁሉ ለሕክምና ሥራ ይበልጥ የሚያስተምረው 47.3 በመቶ የሚለው ነው። ከሁለት ታማሚዎች አንዱ ያህል ምንም የማይሠራ ነገር እየወሰደ በጉልህ ተሽሎታል። ስለዚህ «የዱባ ፍሬ በልቼ ዳንኩ» የሚል ሰው አልዋሸም፤ እውነቱን ተናግሯል። ያልተረጋገጠው መሻሉ ሳይሆን የመሻሉ ምክንያት ነው። የጎረቤት ምስክርነት ለኮሶ ትል በቂ ሆኖ ለፕሮስቴት በቂ የማይሆነውም በዚህ የተነሣ ነው።

የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ የዕፅዋት መድኃኒቶች ኮሚቴ በ2012 ያወጣው ሰነድ ይህንኑ ሚዛን ይዟል። የዱባ ፍሬ በካንሰር ያልሆነ የፕሮስቴት ዕድገት ወይም በተቆጣ ፊኛ የሚመጡ ምልክቶችን ለማቅለል «በባህላዊ አጠቃቀም» መሠረት እንዲውል ተቀብሏል። ይህ ማለት የተመዘነው በክሊኒካዊ ጥናት የተረጋገጠ ብቃቱ ሳይሆን ለረጅም ዘመን ያለ ጉልህ ጉዳት መቆየቱ ነው። በቅድሚያም ከባድ ሕመም አለመኖሩን ሐኪም ማረጋገጥ እንዳለበት ተደንግጓል።

የሌሎች ዕፅዋት ዕጣ ጥንቃቄን ያስተምራል። ሶው ፓልሜቶ ብዙ ትናንሽ ጥናቶች ካሞገሱት በኋላ በ2006 በ225፣ በ2011 ደግሞ በ369 ወንዶች ላይ በተደረጉ ጥብቅ ጥናቶች ከፕላሴቦ አልበለጠም፤ በሁለተኛው ጥናት መጠኑ እስከ ሦስት እጥፍ ቢጨመርም ለውጥ አልመጣም። በኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ የሚበቅለው ጥቁር እንጨትም ከዚሁ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ፈረንሳዊው ዣክ ደባ በ1966 የቅርፊቱን ንጥር ለፕሮስቴት ሕክምና በፈጠራ መብት ካስመዘገቡ በኋላ በአፍሪካ በልዩ ልዩ ቦታዎች፣ በተለይም በካሜሩን፣ ዛፉ እየተላጠ ደረቀ። ከ1995 ጀምሮም ዓለም አቀፍ ንግዱ በሳይቲስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ውሏል። የዱባ ፍሬ ቢያንስ በዚህ ረገድ ንጹሕ ነው፤ ዛፍ አያስቆርጥም።

ታሪኩ በኢትዮጵያ የምርመራ ክፍል

ከላይ የተጠቀሱት ጥናቶች የተካሄዱት በአውሮፓ ዱባ ላይ፣ መጠኑ በታወቀ ፍሬና ንጥር ነው። በኢትዮጵያ ዱባ ተብሎ የሚጠራው ከአንድ በላይ ዝርያ ያለው ሲሆን በቤት ውስጥ የሚወሰደውም መጠን አይታወቅም። ከአሜሪካ የሚላከው እንክብል በዚያ አገር በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት እንደ ምግብ ማሟያ የሚታይ በመሆኑ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ፈዋሽነቱን እንዲያስመሰክር አይገደድም። ፍሬ፣ ዘይትና ንጥር በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ አንድ መድኃኒት አይደሉም፤ በዚህም ላይ ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው የሕመሞቹ መመሳሰል ነው። የሽንት መድከምና የሌሊት መነሣት ከካንሰር ካልሆነ ዕድገት ብቻ አይመጡም። የፕሮስቴት ካንሰር፣ የሽንት ቧንቧ ጥበት፣ የፊኛ ጠጠር፣ የሽንት መሥመር ልክፈት፣ የስኳር ሕመም፣ የነርቭ ችግርና በአንዳንድ ቆላማ አካባቢዎች የሽንት መሥመር ቢልሃርዚያ ተመሳሳይ ምልክት ሊሰጡ ይችላሉ። ኮሚሽን ኢም ሆነ የአውሮፓው ኤጀንሲ «በቅድሚያ ሐኪም ይመርምር» ሲሉ የጻፉት ሐኪም በቅርብ በሚገኝበት አገር ነው። ምርመራው ሩቅ በሆነበት ቦታ ምክሩ ሲደርስ የመጀመሪያው ግማሽ በመንገድ ቀርቶ «የዱባ ፍሬ ብላ» የሚለው ብቻ ይደርሳል። ጉዳቱ የሚመጣው ከፍሬው ሳይሆን ፍሬው ከሚገዛው ጊዜ ነው። ሽንቱ ተዘግቶ፣ ኩላሊቱ ተጎድቶ ወይም ካንሰሩ ወደ አጥንት ተሠራጭቶ የሚመጣ ሰው የዱባ ፍሬ አልጎዳውም፤ የጎዳው መዘግየቱ ነው።

ስለዚህ በሽንት ችግር የመጣን አረጋዊ ምን ሲወስድ እንደቆየ በአክብሮት መጠየቅ የምርመራው አንድ ክፍል ሊሆን ይገባዋል። ጥያቄው የወቀሳ ድምፅ ካለው መልሱ ዝምታ ይሆናል። ለምን ያህል ጊዜ እንደወሰደ ማወቅም ሕመሙ መቼ እንደጀመረ ይጠቁማል። ከዚያም ሆድን ዳስሶ ፊኛ መሙላቱን ማየት፣ በፊንጢጣ በኩል በጣት ዕጢውን መመርመር፣ ሽንትንና የደም ስኳርን ማየት፣ በሚቻልበት ቦታ የኩላሊትን ሥራና ከሽንት በኋላ የሚቀረውን ሽንት መለካት ይከተላል። በሽንት ውስጥ ደም፣ ትኩሳት፣ የሽንት መዘጋት፣ ጠጣር ወይም ጎርበጥባጣ ዕጢ፣ የአጥንት ሕመም ወይም የኩላሊት መድከም ካለ ጊዜ ሳይሰጥ ወደ ከፍተኛ ሕክምና መላክ ያስፈልጋል።

ምልክቱ ቀላል፣ ምርመራውም ደኅና ሆኖ ሲገኝ የዱባ ፍሬ መብላት የሚፈልግን ሰው መከልከል አስፈላጊ አይደለም። ፍሬው ምግብ ነው፤ ከቀላል የሆድ መረበሽ በስተቀር ጉዳቱ ጥቂት ነው። ነገር ግን ዕጢውን እንደማያሳንስ፣ ካንሰርን እንደማይከላከልና እንደማያድን፣ ሐኪም ያዘዘውንም መድኃኒት እንደማይተካ ሊነገረው፣ የሚመለስበትም ቀን ሊቆረጥለት ይገባል።

ማጠቃለያ

የዱባ ፍሬ በኮሶ ትል ላይ ያገኘው ክብር በዓይን ከታየ ውጤት የመጣ ነበር። በፕሮስቴት ላይ ያገኘው ዝና ግን የተገነባው ሌላ አማራጭ ባልነበረበት ዘመን፣ በሚዋዥቅ ሕመም ላይ፣ በታማሚዎች ቃል ነው። በኋላ የተደረጉት ጥናቶች ዝናውን ሙሉ በሙሉ አላፈረሱትም፤ ሙሉ በሙሉም አላጸኑትም። ለፍሬው ትንሽ የማቅለል ጥቅም ሊኖረው እንደሚችል ጠቁመው፣ ለንጥሩ ግን በትልቁ ጥናት ጥቅም አላገኙለትም። ፈቃድ የሰጡት ባለሙያዎች በሙሉ የተስማሙበት አንድ ቃል ቢኖር ምርመራው ከፍሬው መቅደም እንዳለበት ነው። ይህ ቃል ከፍሬው ጋር አብሮ ወደ ሕዝቡ ሳይደርስ የቀረ በመሆኑ፣ እርሱን ማድረስ የጤና ባለሙያው ድርሻ ነው።